የማጀታችን ስንቅ

በማኅበራችን 25ኛ ዓመት የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ፣ ናይሮቢ፣ በችግር ጊዜ መረዳጃ ኮሚቴ የቀረበ ንግግር



 የበዓሉ አዘጋጆች አጠር ያለ ነገር እንድናቀርብ ሲጠይቁን ስለ ምን እንናገር ብለን ተመካከርን። ስለ መሥራቾቻችን ድካምና ስለ ልጆቻችን የአማርኛ ትምህርት የሚናገሩ ሌሎች አሉ። እኛ የችግር ጊዜ መረዳጃ ኮሚቴ ነንና የምንናገረው ስለ ስንቅ ነው። በበዓል ቀን ስለ ክፉ ቀን ማውራት ደስ እንደማይል እናውቃለን። ዳሩ ግን ጠግበን በተቀመጥንበት ሰዓት ካልተነጋገርንበት፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆንብናል።

ሚሊኒየሙን አክብረን አራት ወር ሳይሞላን የደረሰብንን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። የኬንያ ምርጫ ውጤት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 30 ቀን 2007 ከተነገረ በኋላ ናይሮቢ ባንድ ሌሊት ሌላ ከተማ ሆነች። ማታቱ ቆመ፣ ሱቆች ተዘጉ፣ የስልክ ካርድ እንኳ ጠፋ። ኪቤራ ውስጥ የባቡር ሐዲዱ ተነቀለ። ወደ ምዕራብ የሚወስደው መንገድ በመታወኩ ነዳጅ እስከ ኡጋንዳና ሩዋንዳ ድረስ አጠረ። የገና ጾም ገና አልተፈታም ነበር፤ በየቤቱ ያለው ሽሮ ነው የታየው።

በሦስተኛው ቀን ስልካችን መደወል ጀመረ። የደወሉልን ድሆች ብቻ አልነበሩም። ገንዘብ በኪሳቸው ይዘው የሚገዙት ያጡ ነበሩ። አንድ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ፣ የዕለት ምግባቸውን በዕለቱ የሚገዙ ወጣቶች ነበሩ። የሁለት ወር አራስ ይዛ ቤቷ ውስጥ ከሻይ ቅጠልና ከስኳር በቀር ምንም ያልነበራት እኅታችንም ነበረች። በዚያው ሰፈር የሚኖሩ አንዲት እናታችን ከአገር ቤት የተላከላቸውን ድርቆሽና አንድ ጣሳ በሶ አውጥተው፣ አራሷን ጨምሮ የጎረቤቱን ልጆች ሁሉ ሰብስበው፣ መንገዱ እስኪከፈት አቆዩአቸው። ጋዝ አልቆባቸው ስለነበር እሳት እንኳ አላነደዱም። በሶው በቀዝቃዛ ውሃ ተበጠበጠ፣ ድርቆሹ በውሃ ረሰረሰ፣ አለቀ። ስምምነቱ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2008 ተፈርሞ አገር ሲረጋጋ፣ ይህ ኮሚቴ የተቋቋመው ከዚያች ጣሳ በሶ የተነሣ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ በኋላ የሠራነውን ስሕተት ደግሞ ሳንደብቅ እንንገራችሁ። መዋጮ ሰብስበን በቆሎና ዱቄት በጆንያ ገዛን። በአንድ አባላችን ጋራዥ ውስጥ፣ በሲሚንቶው ወለል ላይ ደረደርነውና ቆልፈን ሄድን። ከማርች እስከ ሜይ ያለው ትልቁ ዝናብ መጣ፣ አለፈ። ጁን ላይ ስንከፍተው ዱቄቱ ነቅዟል፣ በቆሎው ከሥር ሻግቷል። «ታጥቦ፣ ተነፍቶ ይበላል እንጂ የድሃ ገንዘብ አይጣልም» ያሉን ነበሩ። ጣልነው። ሒሳቡን ለጠቅላላ ጉባኤው ስናቀርብ አንገታችንን ደፍተን ነበር፤ በመጣላችን ግን አልተጸጸትንም። እ.ኤ.አ. በ2004 በምሥራቅ ኬንያ፣ በማኩዌኒና በኪቱዪ አካባቢ፣ እርጥበት የገባው በቆሎ የበሉ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል። የገደላቸው አፍላቶክሲን የተባለ የሻጋታ መርዝ ነው። መርዙ በዓይን አይታይም፣ ሲበስልም አይጠፋም።

እንግዲህ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ምግብን ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው ውሃ ነው። ሻጋታም ሆነ ባክቴሪያ ያለ ውሃ አይራባም። በፀሐይ፣ በነፋስ፣ በምጣድ ወይም በጨው ውሃውን ካስወጣንለት ምግቡ ይቆያል። እናቶቻችን ይህን ትምህርት ቤት ሳይገቡ ያውቁት ነበር። ገብሱ ተቆልቶ ሲፈጭ በሶ ይሆናል፣ እንጀራው ሲደርቅ ድርቆሽ፣ ሥጋው በጨውና በበርበሬ ታሽቶ በገመድ ሲሰቀል ቋንጣ። ንጥር ቅቤ ከጥሬው ይልቅ የሚቆየውም ሲነጠር ውሃው ስለሚወጣለት ነው። ከ1 ኪሎ ቀይ ሥጋ 300 ግራም ገደማ ቋንጣ የሚወጣው፣ የቀረው ውሃ ስለነበረ ነው። በሞያሌ በኩል ተሻግረን ከመጣነው መካከል በጓዙ ውስጥ በሶ ያልያዘ ጥቂት ነው።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ከአሜሪካ የሚመጡ ዘመዶቻችን በቆርቆሮ የታሸገ፣ ላዩ ላይ 25 ዓመት ይቆያል ተብሎ የተጻፈበት ምግብ ያመጡልናል። ፍሪዝ ድራይድ ይሉታል፤ በረዶ ተደርጎ የደረቀ ማለት ነው። ምን እንደሆነ ብዙዎቻችሁ ስለጠየቃችሁን ባጭሩ እንግለጸው። ምግቡ በመጀመሪያ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ቀዝቅዞ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ከዚያም በተዘጋ ማሽን ውስጥ አየሩ በፓምፕ ይመጠጣል። አየሩ በጣም ሲሳሳ በረዶው ሳይቀልጥ በቀጥታ እንፋሎት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ምግቡ አይጨማደድም። ቅርጹንና አብዛኛውን ንጥረ ነገር እንደያዘ፣ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል፤ ሙቅ ውሃ ሲነካው በደቂቃዎች ውስጥ ይመለሳል።

ዘዴው ከሥሩ አዲስ አይደለም። በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ ድንቻቸውን በሌሊት ውርጭ ያስመታሉ፣ በእግራቸው ረግጠው ውሃውን ያወጣሉ፣ በፀሐይም ያደርቁታል። ቹኞ ይሉታል፣ ለዓመታትም ይቆያል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የደም ፕላዝማ በማሽን በዚሁ መንገድ ደርቆ ወደ ጦር ግንባር ይላክ ነበር። ልጅ ያስከተባችሁ እናቶችም ነርሷ የኩፍኝ ክትባቱን ዱቄት በፈሳሽ ስታሟሟ አይታችኋል። ያ ዱቄት የደረቀው እንዲህ ነው፤ ከተሟሟ በኋላ ግን ከ6 ሰዓት በላይ አይቀመጥም። ምግቡም እንደዚሁ ነው። ድርቀት ጀርሙን ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም። ውሃ የነካው ሁሉ ወዲያው መበላት አለበት። ይህ ለቆርቆሮውም ለድርቆሻችንም የሚሠራ ሕግ ነው።

ታዲያ ቆርቆሮውን ገዝተን እናከማች ወይ? አቅም ያለው ሰው ጥቂት ቢያስቀምጥ ክፉ አይደለም፤ ቀላል ነው፣ እሳት ብዙ አይፈልግም። ነገር ግን ዋጋው ውድ ነው። 25 ዓመቱም የሚቆጠረው ቆርቆሮው እስካልተከፈተ ድረስ ነው፤ ከተከፈተ ከአየሩ እርጥበት ይስባል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጆቻችን ቀምሰውት የማያውቁት ምግብ በጭንቅ ቀን አይበላም። የእኛ ምክር፣ ማሽኑ የሚሠራውን ሥራ በእጃችን ያለው ሙያ በአብዛኛው ስለሚሠራልን፣ ከዚያ እንጀምር የሚል ነው። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይላሉ አባቶች። ስንቅ ላይ ግን ይቅርታ ያድርጉልንና፣ መድረቁ ነው የሚሻለው።

አደራረቁን በተመለከተ፣ ናይሮቢ እንደ አገር ቤት አይደለችም። ድርቆሽና ቋንጣ ለመሥራት ጥሩው ወር ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ነው። ከጁን እስከ ኦገስት ሰማዩ ይደምናል፣ ይቀዘቅዛል፣ እንጀራው ሳይደርቅ ይሻግታል። ሞምባሳ ያላችሁ ደግሞ የባሕሩ አየር ስለሚያረጥበው ድርቆሻችሁን ከናይሮቢ ብታስልኩ ይሻላል። ድርቆሽ ሲሰበር ቀጭ ማለት አለበት፤ ከተጣጠፈ ገና ነው። ቋንጣ ከቀይ ሥጋ ብቻ ይዘጋጅ፣ ጮማ ይሸታልና። እህል መድረቁን ለማወቅ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ እህሉን ከደረቅ ጨው ጋር ጨምራችሁ ናጡት። ትንሽ ቆይታችሁ እዩት፤ ጨው በጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ እህሉ እርጥብ ነው።

ያለፈው ስሕተታችን ያስተማረን ደግሞ ይህ ነው። ምንም ነገር በባዶ ሲሚንቶ ላይ አይቀመጥ፤ እንጨት ይነጠፍለት። ከግድግዳም ይራቅ። ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ ይሁን። እህል የምታስቀምጡ በየአግሮቬቱ የሚሸጠውን ፒክስ የተባለ ከረጢት ብትጠቀሙ መልካም ነው። ውስጡ ሁለት ፕላስቲክ አለው፤ በደንብ ሲታሰር ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፣ መድኃኒት መርጨት አያስፈልግም። በየዕቃው ላይ ቀኑ ይጻፍ። የቆየው ይበላ፣ አዲሱ ይተካ። እንቁጣጣሽና ፋሲካ ሲመጣ ማጀቱን መፈተሽ ልማድ ቢሆን አይረሳም።

ምን ያህል ይበቃል? የዕርዳታ ድርጅቶች በስደተኞች መጠለያ ለአንድ ሰው በቀን 2,100 ካሎሪ አስበው ያሰላሉ። ከዚህ ብዙውን የሚሞላው የተለመደው ድርሻ 400 ግራም እህል፣ 60 ግራም ጥራጥሬና 25 ግራም ዘይት ነው። አምስት ሰው ላለበት ቤት ለሁለት ሳምንት ሲሰላ 28 ኪሎ እህልና ዱቄት፣ 4 ኪሎ ከ200 ግራም ምስር ወይም ሽሮ፣ 2 ሊትር ገደማ ዘይት ይመጣል። አልጋ ሥር ይገባል። ከዚህ ውስጥ ቢያንስ የሦስት ቀኑ እሳት የማይፈልግ ይሁን፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ። ውሃ ግን አትርሱ፤ ደረቅ ምግብ ያለ ውሃ ምንም ነው። ለመጠጥና ለምግብ ብቻ ለአንድ ሰው በቀን 3 ሊትር ብናስብ፣ አምስት ሰው ለሦስት ቀን 45 ሊትር ይፈልጋል። ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ካላችሁ ተርፏችኋል።

ወገኖቻችን፣ ክፉ ቀን ሁልጊዜ ባንድ መልክ አይመጣም። በ2020 ኮሮና ሲመጣ ማርች 27 የሌሊት ሰዓት እላፊ ተጀመረ፣ ኤፕሪል 6 ደግሞ ከናይሮቢ መውጣትና መግባት ተከለከለ፤ እስከ ጁላይ ድረስ ቆየ። በዚያ ጊዜ ሱቁ ክፍት ነበር። ግን በሆቴልና በምግብ ቤት የሚሠሩ ልጆቻችን ደመወዛቸው ተቋረጠ። በ2008 ገንዘብ ኖሮ ገበያ ጠፋ፤ በ2020 ገበያ ኖሮ ገንዘብ ጠፋ። በሁለቱም ጊዜ ያዳነው ማጀት ውስጥ የነበረው ነው። በ2020 ሽሮና በርበሬ ያለው ቤት የኪራዩን ገንዘብ ለምግብ አላወጣም።

ስለዚህ በዚህ ኢዮቤልዩ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። እያንዳንዱ ቤት የራሱን የሁለት ሳምንት ስንቅ ይያዝ። የቻለ ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በእንቁጣጣሽና በፋሲካ፣ አንድ ኪሎ በሶ ወይም ድርቆሽ ወይም ሽሮ ለጋራ ማጀት ያምጣ። የጋራውን ስንቅ እንደ በፊቱ በአንድ ጋራዥ አንቆልፍበትም። መንገድ ሲዘጋ ማዶ ያለ ስንቅ ስንቅ አይደለምና በሦስት ሰፈር፣ በሦስት ቤት እንከፍለዋለን። ቁልፉም በየሰፈሩ ከሁለት ሰው እጅ ይሁን። የአደራረቁን ሙያ የሚያውቁ እናቶቻችን በመጪው ጃንዋሪ እዚህ የተወለዱትን ልጆች፣ ወንዶቹንም ጭምር፣ ሰብስበው ያሳዩልን። ሽሮ ከሱፐርማርኬት የሚወጣ የሚመስላቸው ልጆች አሉንና።

ያቺ የሁለት ወር አራስ የነበረች ሕፃን ዛሬ ከበዓሉ አስተናጋጆች አንዷ ናት። ስሟን አንጠራም፣ ታፍራለች። በሶውን ያወጡት እናታችንም ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። ዕድሜ ይስጥልን።