በአዲስ በተከፈለ ዲስክ ላይ ኦፐሬቲንግ ሲስተምን በእጅ ስለ መጫን



በየመሥሪያ ቤታችሁ ያለውን ኮምፒዩተር በየቀኑ ትከፍታላችሁ፤ ደብዳቤ ትጽፉበታላችሁ፤ ሒሳብ ትሠሩበታላችሁ። ውስጡን የሚያስተዳድረው ኦፐሬቲንግ ሲስተም እንዴት እንደ ገባበት የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላቋረጠ፥ ጤነኛ ሆነው ሳሉ ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሸጋገር የማይችሉ ብዙ ኮምፒዩተሮች ጥያቄውን አምጥተውብናል። እነዚህን ከመጣል ይልቅ ሊኑክስን መጫን ይቻላል። ይህም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የጀመረው፥ ያለ ክፍያ የሚገኝ ሥራ ነው።

ከሊኑክስ ዓይነቶች ብዙዎቹ በራሳቸው የሚጫኑ ናቸው። ችግሩ፥ መጫኛው «ዲስኩን በሙሉ ልደምስሰውን?» ብሎ ሲጠይቅ ሠራተኛው ሳያነብ እሺ ያለ እንደ ሆነ፥ የሦስት ዓመት ቃለ ጉባኤ በአንዲት ጣት መጥፋቱ ነው። አርች ሊኑክስ የተባለው ግን እያንዳንዱን እርምጃ በእጅ ለማሠራት የተመቸ ነው። ለሁሉም ሰው ነው አልልም፤ የመሥሪያ ቤቱን ኮምፒዩተሮች የሚጠብቅ ሰው ግን አንድ ጊዜ እንኳ ቢሠራው ይጠቀማል።

አስቀድሞ ሰነዱ ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልበጥ፤ ከቅጂውም ጥቂቱ ተከፍቶ ይታይ። ያልተከፈተ ቅጂ ቅጂ አይባልም። ከዚያ ሴኪዩር ቡት የተባለው ቁልፍ ተዘግቶ ኮምፒዩተሩ ከፍላሽ ይነሣ።

ዲስክን መክፈል ባዶ የመዝገብ ቤት አዳራሽን በግድግዳ እንደ መለየት ነው። በ1983 የመጣው የቀድሞው የአከፋፈል ሥርዓት ከአራት ዋና ክፍል በላይ አይፈቅድም፤ ጂ.ፒ.ቲ. የተባለው አዲሱ ግን እንደ ልማዱ እስከ 128 ያደርሳል። ለ256 ጊጋባይት ዲስክ የእኔ አስተያየት እንዲህ ነው፤ ለማስነሻው 1፥ ለስዋፕ 8፥ ለሲስተሙ 60፥ የቀረው ሁሉ ሆም ለሚባለው ለሰነዱ ክፍል። ሰነዱ ለብቻው ከሆነ ሲስተሙ ነገ ቢበላሽና እንደ ገና ቢጫን፥ ያ ክፍል እስካልተነካ ድረስ ደብዳቤያችሁ በቦታው ይቆያል። ኤፍዲስክ የተባለው መክፈያ ደብልዩ የምትለውን ፊደል እስክትሰጡት ድረስ በዲስኩ ላይ አንዳች አይጽፍም፤ ስለዚህ የዲስኩን ስምና መጠን ሁለት ጊዜ ሳታነቡ ያቺን ፊደል አትንኳት።

ግድግዳ ብቻውን መዝገብ ቤት አይሆንም፤ መደርደሪያና ማውጫ ያስፈልጋል። ይህን የሚሠራው ፎርማት ነው፤ ማስነሻው በፋት 32፥ ሲስተሙና የሰነዱ ክፍል በኢ.ኤክስ.ቲ. 4 ይዘጋጃሉ። ቀጥሎ ክፍሎቹ ይያያዛሉ፤ በመጀመሪያ ሲስተሙ፥ ከዚያ በኋላ በውስጡ የቀሩት። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ኋላ የመጣው የፊተኛውን ይሸፍነዋል።

አሁን ፓክስትራፕ በተባለው ትእዛዝ ዋናዎቹ ጥቅሎች ከኢንተርኔት ወርደው ይገባሉ። ኔትወርክ ማኔጀርን በዚሁ ጊዜ አብራችሁ ጫኑ፤ ኋላም ወደ አዲሱ ሲስተም ስትገቡ በየጊዜው ከኮምፒዩተሩ ጋር እንዲነሣ እዘዙት፤ አለዚያ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ከዓለም ተለይቶ ታገኙታላችሁ። ኤፍስታብ የሚባለው መዝገብ እያንዳንዱ ክፍል የት እንደሚያያዝ ይይዛል፤ ክፍሎቹንም በመጠሪያቸው ሳይሆን በቋሚ መለያ ቁጥራቸው ብትጽፉ ይሻላል። መጠሪያው ሌላ ዲስክ ሲሰካ ሊለወጥ ይችላልና፤ ሠራተኛን በተቀመጠበት ወንበር ሳይሆን በማኅደሩ ቁጥር እንደ መፈለግ ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ አዲሱ ሲስተም ተገብቶ የሰዓት ክልሉ አዲስ አበባ ተብሎ ይመረጣል፤ የይለፍ ቃል ይሰጣል፤ ግሩብ የተባለው አስነሺ ይጫናል፤ የግሩብም ዝርዝር ይጻፋል። ይህ የተረሳ እንደ ሆነ ቤቱ በር የለውም። ፍላሹን አውጥታችሁ ኮምፒዩተሩን እንደ ገና አስነሡት። በዚህ ጊዜ የምታዩት ጥቁር ገጽና የሚጠብቅ ጠቋሚ ብቻ ስለሆነ አትደንግጡ፤ መስኮቱና ሥዕሉ የሚጨመሩት ኋላ ነው። እነርሱን ስትጨምሩ ኖቶ የተባለውን የፊደል ጥቅል አትርሱ፤ ያለ እርሱ የአማርኛው ደብዳቤ የባዶ ሣጥን ሰልፍ ሆኖ ይታያል።