ሙያና እንጀራ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ፣ የጤና ባለሙያ ልቡ ከሚረካበት ሥራና ዳጎስ ያለ ደመወዝ ከሚያገኝበት ሥራ የትኛውን ቢመርጥ ይሻለዋል የሚል ነው። ጥያቄው አዲስ አይደለም። በየጤና ጣቢያው በሌሊት ተረኝነት፣ በየቤቱም በወር መጨረሻ ሲነሣ የኖረ ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄ አንሥተው ሥራ እስከ ማቆም በደረሱ ጊዜ ግን ከጓዳ ወጥቶ አደባባይ ዋለ። ስለዚህ ማኅበራችን ሊሸሸው አይገባም።

ብዙውን ጊዜ ነገሩ የጠባይ መፈተኛ ሆኖ ይቀርባል። በገጠር የቀረው ታማኝ፣ ወደ ግል ክሊኒክ ወይም ወደ ውጭ አገር የሄደው ደግሞ ለሆዱ ያደረ ይባላል። በዚህ አከፋፈል አልስማማም። ወላጆቹን የሚጦር፣ ታናናሾቹን የሚያስተምር ሰው የተሻለ ገቢ ቢፈልግ ግዴታውን ለመወጣት ሞከረ እንጂ ሙያውን ከዳ አይባልም።

በአንጻሩ፣ የሥራ እርካታ የቅንጦት ነገር ነው የሚሉትም ተሳስተዋል። በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒተሪያኖችን በአንድነት ያሠለጥን ነበር። ተማሪዎቹ ቆላ ድባን ወደመሰሉ ስፍራዎች እየወጡ ሙያውን በሥራው ላይ ይማሩ ነበር። የዚህ ዓይነቱ ሥልጠና ቁም ነገር፣ ባለሙያው የድካሙን ውጤት በዐይኑ እንዲያይ ማድረጉ ነው። ምንጭ አስከልሎ በመንደሩ የሕፃናት ተቅማጥ ሲቀንስ የተመለከተ ሳኒተሪያን፣ እርካታ ምን እንደ ሆነ ሌላ ሰው እንዲያስረዳው አይሻም።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ የቢልሃርዝያን በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የበሽታው አስተላላፊ ቀንድ አውጣ በመሆኑ፣ የልብስ ሳሙና ሆኖ የኖረው እንዶድ ያን ጊዜ የምርምር ርእስ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1989ም ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ያንን እይታ ደመወዝ አይገዛውም፤ ወንዙ ዳር መገኘትን ይጠይቃል። ነገር ግን ቤተ ሙከራ፣ ረዳትና በጀት ባይኖር ኖሮ የሞቱት ቀንድ አውጣዎች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ሆነው በቀሩ ነበር። ዶክተር አክሊሉ በኋላ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ውስጥ መሥራታቸውም፣ የሥራ ምርጫ አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚዘጋ በር አለመሆኑን ያሳያል።

እንግዲህ የንግግሬ ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ እርካታ ከደመወዝ ማነስ አይወለድም። ጓንትና መድኃኒት በጠፋበት ክፍል፣ ሊያድነው የሚችለውን በሽተኛ በዕቃ እጦት የሚያጣ ሐኪም ገንዘቡንም እርካታውንም አጥቷል። እንዲህ ያለውን ሰው በሙያ ፍቅር ስም ታገሥ ማለት ምክር አይደለም።

ለወጣት ባልደረቦቼ የምመክረው ሦስት ነገር ነው። በመጀመሪያ፣ ቤተሰባችሁ በወር የሚያስፈልገውን ሳትኰሩም ሳታፍሩም አስሉ። ከዚያ በታች የሆነ ደመወዝ ምርጫ ሳይሆን ችግር ነው። ሁለተኛ፣ ከዚያ በላይ ለሚገኘው እያንዳንዱ ብር ምን እንደምትከፍሉ ጠይቁ፤ ሥራ የፈታ እጅ የተማረውን ይረሳልና። ሦስተኛ፣ በምትመኙት ስፍራ ዐሥር ዓመት የቆየ ሰው ፈልጋችሁ አነጋግሩ። እንደ እርሱ መሆንን ከወደዳችሁ ሂዱ፤ ካልወደዳችሁ የደመወዙ መጠን አያታልላችሁ።

ለማኅበራችን ደግሞ፣ እርካታ የደመወዝ አካል ተደርጎ እንዳይቆጠር አጥብቆ መከራከር ይገባዋል። ምስጋና የቤት ኪራይ አይከፍልም። ራቅ ባለ ወረዳ ለሚሠራው መኖሪያ ቤት፣ በወቅቱ የሚከፈል የተረኝነት አበልና የተጨማሪ ትምህርት ዕድል እንዲሰጠው መጠየቅ ተገቢ ነው። ወጥቶ ለተመለሰውም በሩ ክፍት ይሁን፤ ኰብላይ ተብሎ አይሰደብ።

ይህ ሲሆን ወጣቱ ባለሙያ በእውነት ይመርጣል። ዛሬ ግን ከብዙዎቹ ፊት ያለው ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ነው፤ በግዴታ የሄደውን መውቀስ፣ በግዴታ የቀረውንም ማወደስ ለእኛ አይበጀንም።