ስንት ያነሳል? እስከ የትስ?

ወንድሞችና እህቶች፣ ማኅበራችሁ ከፊቱ ማንሻ ክንድና አካፋ ያለው ትንሽ ትራክተር ሊገዛ ሲያስብ፣ ሻጩ «500 ኪሎ ያነሳል» ቢላችሁ ወዲያው አትዋዋሉ። አምስት ኩንታል መሆኑ ነው። ግን የት ላይ ተለክቶ? ሙሉ እንስራን ደረት ላይ አስጠግቶ መያዝና ክንድ ዘርግቶ መያዝ አንድ አይደለም። አካፋው በሚጋጠምበት ፒን ላይ ሲለካ ቁጥሩ ይበዛል፤ ከፒኑ 50 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ሲለካ ያንሳል።

በምን ከፍታስ? ከመሬት የነቀለውን ሁሉ እስከ ላይ አያደርሰውም። አካፋው ሲደፋም አፉ ዝቅ ይላል፤ የዚህን ከፍታ ከጭነት መኪናው ጎን ጋር አስተያዩ።

ፊቱ ሲከብድ የኋላ ጎማው ይቀላል፤ ስለዚህ ከኋላ ማመዛዘኛ ክብደት ይታሰርበት። ጭነቱን ዝቅ አድርጋችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ንዱ። ወደ ላይ የተሰቀለ ጭነት ትራክተሩን ሊገለብጥ፣ ነጂውንም ሊገድል ይችላል።

እንግዲህ ቁጥሩን ማንበብ ብቻ አይበቃም፤ የት እንደተለካም እንጠይቅ።