አባት የተዉት ቤት የማን ነው?

መስቀል ሲቃረብ የወልቂጤ መናኸሪያ ከአዲስ አበባ በሚገቡ ሰዎች ይጨናነቃል። ክትፎው ተበልቶ ጨዋታው ሲደራ ከእህት ወንድሞች አንዱ «የአባታችን ቤት ይሸጥ» ይላል። እዚያው የቀረው ልጅ ደግሞ «ጣራውን የቀየርኩት እኔ ነኝ» ብሎ ይቆጣል። ታዲያ ማን ይወስን?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1257 ጀምሮ ስለ ጋራ ሀብት ይደነግጋል። ሌላ ማስረጃ ካልቀረበ የሁሉም ድርሻ እኩል እንደሆነ ይገመታል። ቤቱን በሙሉ ለመሸጥ ወይም በመያዣነት ለመስጠት የሁሉም ስምምነት ያስፈልጋል፤ አንዱ ብቻውን የሚያዝበት የራሱ ድርሻ ነው። የጥገናው ወጪም እንደየድርሻው ሁሉንም ይመለከታል። ስለዚህ ጣራ የቀየረው ልጅ ደረሰኙን ይያዝ፤ በዚህ ብቻ ግን ቤቱ የእሱ አይሆንም።

የገጠሩ የእንሰት ማሳ ጉዳይ ይለያል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፤ ገበሬው ያለው የይዞታ መብት ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 456 በጋራ የተያዘ መሬት ደብተር በሁሉም ባለይዞታዎች ስም እንዲዘጋጅ አዝዞ ነበር። ይህ ለሚስቶች ትልቅ ነገር ነው። እንሰቱን ፍቃ ቆጮ የምታወጣ ሴት ስሟ ከደብተሩ መቅረቱ በደል ነበርና።

«ቤቱን ጠብቅልን» የሚል የቃል አደራ ብዙ ወንድማማቾችን አቆራርጧል። እናም ዘንድሮ ስትሰባሰቡ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አውጡ፤ ስምምነታችሁንም ጽፋችሁ ሁላችሁም ፈርሙበት።