በከፍታ ላይ ማደር፤ የማርገሪታ ጎጆ ያስገኘው ትምህርት

ተራራ መውጣት የእግር ሥራ ብቻ መስሎ ይታያል። ሰውነትን ይበልጥ የሚፈትነው ግን ከወጡ በኋላ የሚታደርበት ሌሊት ነው። ይህንን ለሕክምና ካስተማሩት ስፍራዎች አንዱ በኢጣሊያና በስዊስ ድንበር፣ በሞንቴ ሮዛ ተራራ ላይ፣ በ4554 ሜትር ከፍታ የቆመው የማርገሪታ ጎጆ ነው።

ጎጆውን ያሠራው የኢጣሊያ የአልፕስ ክበብ ሲሆን፣ እንጨቱ በሸለቆው ተዘጋጅቶ በበቅሎና በሰው ጫንቃ ወደ ላይ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1893 ሲመረቅ፣ በስማቸው የተሰየመላቸው ንግሥት ማርገሪታ ራሳቸው እስከ ጫፉ ወጥተው ተገኙ። ዛሬ በስፍራው የሚገኘው ቤት እ.ኤ.አ. በ1980 የተተካው ነው።

ከምረቃው በኋላ በነበረው ዓመት የቶሪኖው የፊዚዮሎጂ ሊቅ አንጀሎ ሞሶ ጎጆውን ቤተ ሙከራ አደረገው። የተኙ ሰዎችን አተነፋፈስ ሲመረምር፣ ትንፋሻቸው እየበረታ ሄዶ እየደከመ፣ ጥቂት ቆሞም እንደገና ሲጀምር ተመለከተ። ሞሶ የከፍታን ሕመም የሚያመጣው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማነስ ነው አለ። ፈረንሳዊው ፖል ቤር ግን እ.ኤ.አ. በ1878 ባሳተመው መጽሐፍ ዋናው ምክንያት የኦክሲጅን ግፊት ማነስ መሆኑን አስረድቶ ነበር። ጊዜ የፈረደው ለቤር ነው። ሆኖም ሞሶ ያየው ከንቱ አልሆነም፤ ኦክሲጅን ያነሰው ሰው አብዝቶ ሲተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይቀንሳል፤ በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሹ የሚቆራረጠውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ነገሩ የሊቃውንት ክርክር ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1891 በሞን ብላን ላይ፣ በቫሎ ጎጆ፣ አንድ ወጣት ሐኪም ታሞ ሳለ ሰውነቱ ከፍታውን ሲላመድ ለማየት ሲል አልወርድም ብሎ ሞተ። የገደለው ከፍታ በሳንባ ውስጥ የሚያስከትለው የውሃ መቋጠር እንደነበረ ዛሬ ይታመናል። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1991፣ በማርገሪታ ጎጆ የተካሄደ ጥናት ኒፈዲፒን የተባለው መድኃኒት በዚህ ሕመም በቀላሉ የሚጠቁትን ሊከላከልላቸው እንደሚችል አሳየ። መድኃኒት ግን መውረድን አይተካም።

ዛሬ ከኢጣሊያ ወገን የሚነሣ ተጓዥ ብዙ ጊዜ በ3647 ሜትር ባለው የኚፌቲ ጎጆ አድሮ፣ በማግስቱ በበረዶ ግግር ላይ ተጉዞ ማርገሪታ ይደርሳል። ይህም ቢሆን ጥድፊያ ነው፤ ከ3000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር ይመከራልና። ምክሩ ከ4500 ሜትር በላይ ወደሚደርሰው ወደ ራስ ደጀን ለሚወጣ ሰውም ይሠራል።

ስለዚህ ራሱን የሚያመው ተጓዥ እስኪሻለው ድረስ ወደ ላይ አይቀጥል። ሲራመድ የሚንገዳገድ ወይም ተቀምጦ ሳለ የሚያለከልክ ግን ሳይውል ሳያድር፣ ደጋፊ ይዞ ይውረድ። ጎጆ ከብርድና ከነፋስ ይጋርዳል፤ ከአየሩ መሳሳት ግን አይጋርድም።