ጎተራውና ሞሰቡ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ኤሌክትሪክ እንደ እህል አይደለም፤ በሽቦ ውስጥ ተከማችቶ አይቆይም። ስለዚህ የሚመረተውና የሚበላው ኃይል በየሴኮንዱ እኩል መሆን አለበት። በአገራችን መስመር ኤሌክትሪኩ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ማታ በየቤቱ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲጣድ ተጨማሪ ኃይል ካልመጣ ይህ ቍጥር ዝቅ ይላል፤ እጅግ ከወረደም ማመንጫዎቹ ራሳቸውን ከጉዳት ለማዳን ከመስመሩ ይወጣሉ፤ ከተማውም ይጨልማል።

እኛ የባሕር ዳር ልጆች ትልቁን ጎተራ በደጃችን እናየዋለን፤ እርሱም ጣና ነው። የክረምቱ ውኃ በሐይቁ ይጠራቀማል። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. ከተሠራው ከጨረጨራ ግድብ ወዲህ ወደ ዓባይ የሚወርደው ውኃ እየተለካ ይለቀቃል። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮም የሐይቁ ውኃ በዋሻ ወደ በለስ እየወረደ እስከ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ያንቀሳቅሳል።

ባትሪ ደግሞ ሞሰብ ነው፤ ትንሽ ቢሆንም በእጅ አጠገብ ይገኛል። በ2017 ዓ.ም. በደቡብ አውስትራሊያ 100 ሜጋ ዋት የሚሰጥ ባትሪ ተተክሎአል። የሩቅ ማመንጫ በድንገት ሲቋረጥ ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ይደርሳል። ለዚህ ፈጣን መልስ አንድ የተወሰነ ደንብ ይበቃዋል፤ ትምህርት የሚያሻው ለነገው ነው። ሞሰቡ መቼ ይሙላ? ለማታስ ስንት ይትረፍ? ባለሙያ እናት የገበያውን ቀንና የበዓሉን ዋዜማ ከልምድ ዐውቃ እንደምትጋግር፣ ከልምድ የሚማር ኮምፒዩተርም ያለፉትን ዓመታት የፍጆታ፣ የዝናብና የፀሐይ መዝገብ መርምሮ የነገውን ይገምታል፤ ባትሪውንም በዚያው ልክ ያስሞላል። ግምቱ ቢሳሳት እንኳ መሐንዲሶች ከወሰኑለት ልክ እንዳያልፍ ይደረጋል።

ሆኖም ባትሪ ኃይል ያስቀምጣል እንጂ አይፈጥርም። ኮምፒዩተርም የተነገረውን ዓላማ ብቻ ያያል። «ብዙ ኃይል በርካሽ አምጣ» ብቻ ካልነው ስለ ፏፏቴው፣ ስለ ዓሣ አጥማጁና ስለ ታንኳው ደንታ የለውም። በ2001 ዓ.ም. ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ማመንጫ ሥራ ከጀመረ በኋላ ፏፏቴው በበጋ እንዴት እንደ ቀጠነ ወላጆቻችን አይተዋል። ያን ጊዜ የወሰነው ሰው ነበርና መጠየቅ ይቻል ነበር፤ ውሳኔው በስሌት ውስጥ ሲገባ ግን ስሌቱን ማንበብ የሚችል ያስፈልጋል።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ ሒሳብና ፊዚክስን ለፈተና ብቻ አንማር። ለፏፏቴውና ለሐይቁ የሚቀረውን ውኃ በኮምፒዩተሩ ወሰን ውስጥ የሚጽፍ ሰው ከዚህ ከጣና ዳር መነሣት ይገባዋል። ጎተራው ከጎደለ ሞሰቡን የሚሞላው የለምና።