ሆድ ሲራብ ልብ ይጨነቃል
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)





በዓል ያለፈውን ለማመስገን ብቻ ሳይሆን ለሚመጣውም ለማሰብ የሚከበር ስለ ሆነ፥ በመካከላችን ስሙ ብዙ ጊዜ የማይነሣውን አንድ ሕመም ዛሬ በፊታችሁ ላቀርብ ወድጃለሁ። ይኸውም የአመጋገብ ሕመም፥ ከእርሱም የማይለዩት ጭንቀትና ድብርት ናቸው።

የአመጋገብ ሕመም ማለት ምግብ ማጣት አይደለም። ገበታው ተዘርግቶ ሳለ፥ እወፍራለሁ ከሚል ፍርሃት የተነሣ ሰው ሰውነቱ እስኪመነምን ድረስ ራሱን ከምግብ ቢከለክል፥ ሐኪሞች አኖሬክሲያ ነርቮሳ ይሉታል። ይህን ስም በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. ያወጡለት የሎንዶኑ ሐኪም ሰር ዊልያም ገል ናቸው። ደግሞም ሰው ባንድ ጊዜ ከመጠን በላይ በልቶ፥ ወዲያው በጸጸት ተይዞ የበላውን ለማስወጣት ቢጣጣር፥ ሕመሙ ቡሊሚያ ነርቮሳ ይባላል። ይህንንም በ1979 እ.ኤ.አ. ለይተው የጻፉት ፕሮፌሰር ጄራልድ ራስል ናቸው። ሁለቱም ሕመሞች በሴቶች ልጆች ላይ ይበዛሉ እንጂ ወንዶችንም አይምሩም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። የሚቀድመው ኀዘኑ ነው ወይስ ረኀቡ? ቋንቋችን ስለዚህ ነገር ከጥንት የሚያውቀው ያለ ይመስለኛል። አማርኛ ስሜትን ከሆድ ያኖረዋልና። ያዘነ ሰው «ሆድ ባሰኝ» ይላል፤ የሠጋ ሰው «ሆዴን ባር ባር አለኝ» ይላል፤ የራራም ሰው ሆዱ ይባባል። ምግብና ኀዘን ባንድ ቤት ይኖራሉ ማለት ነው።

ይህን በምርመራ ያሳዩ ሊቃውንት አሉ። በ1944 እ.ኤ.አ. የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና ሳያበቃ፥ በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር አንሰል ኪይስ የተባሉ ሊቅ፥ በጦርነቱ የተራበው ሕዝብ እንዴት ተመግቦ እንደሚያገግም ለማወቅ ፈለጉ። ሕሊናቸው ጦር መሣሪያ ማንሣትን ያልፈቀደላቸው 36 ወጣቶችም በፈቃዳቸው ቀረቡ። ሁሉም በአካልም በአእምሮም ጤነኞች መሆናቸው ተመርምሮ የተመረጡ ነበሩ። ለ24 ሳምንት ከለመዱት ምግብ ግማሽ ያህሉ ብቻ ተሰጣቸው፤ ከክብደታቸውም ሩብ ያህሉ ቀነሰ።

ነገር ግን የመነመነው ሥጋቸው ብቻ አልነበረም። ተጫዋች የነበሩት ዝምተኞች፥ ታጋሾች የነበሩት ቁጡዎች ሆኑ። ትካዜና ሥጋት ያዛቸው፤ ከሰውም መሸሽ ጀመሩ። ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ስለ ሆነ የወጥ ቤት መጽሐፍ ማንበብ ያዘወተሩ ነበሩ፤ አእምሮው ታውኮ ሆስፒታል የገባም አለ። ምግቡ ከተመለሰላቸው በኋላ እንኳ መንፈሳቸው ወዲያው አልቀናም። ውጤቱም በ1950 እ.ኤ.አ. በሁለት ቅጽ ታትሟል።

አስተውሉ! እነዚህ ወጣቶች ውፍረትን የሚፈሩ አልነበሩም። ረኀቡ ብቻውን ይህን ያህል ካደረገ፥ አስቀድሞ የተጨነቀን ልጅ ምን ያደርገው ይሆን? በ2004 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፥ የአመጋገብ ሕመም ካለባቸው ሰዎች ከ3ቱ 2ቱ ያህል በዕድሜያቸው የጭንቀት ሕመም ደርሶባቸው ተገኝቷል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹን ጭንቀቱ የጀመራቸው ገና በልጅነት፥ ከአመጋገቡ ሕመም አስቀድሞ ነበር።

እንግዲህ ነገሩ የተዘጋ ክብ ነው። የተጨነቀው ልጅ ምግቡን ሲቀንስ ለጊዜው ጸጥታ ያገኘ ይመስለዋል። ረኀቡ ግን ጭንቀቱን ያብሰዋል፤ ጭንቀቱ ሲብስም ምግቡን እንደ ገና ይቀንሳል። ስለዚህ «ብላ እንጂ፥ ምን ሆነሃል?» ብሎ መቆጣት ሕመሙን አይነቅለውም፤ ኀዘኑን እያጽናኑ ምግቡን መተውም እንዲሁ አይረባም። ሁለቱ በአንድነት መታከም ይገባቸዋል።

ምናልባት «እኛ ጾምን የምናውቅ ሕዝብ ነን፤ አለመብላት ምን ያስደንቃል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጾም ግን በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ዘንድ የታወቀ ወራት አለው፤ ከወገን ጋር ይጾማል፤ ከወገን ጋር ይፈታል፤ ለታመመም ይቅርታ አለው። ሕመሙ ግን ከወገን ይለያል፤ ፋሲካም ዒድም የለውም። ጾምን ሽፋን አድርጎ ሊደበቅ ስለሚችል፥ የፍስኩ ቀን ደርሶ ከገበታ የሚሸሸውን ልጅ ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ የጓደኛን ገላ መሳለቂያ አናድርግ፤ «ከሳሽ፥ አማረብሽ» የሚለውም ምስጋና መርዝ ሊሆን ይችላል። ምግብ ሲቀርብ ሰበብ የሚያበዛውን፥ ከበላ በኋላ ወዲያው የሚሰወረውን፥ ከጨዋታ የተለየውን ጓደኛችንን ቀርበን እንጠይቀው። ሞትን የሚመኝ ከሆነም ብቻውን አንተወው፤ ምሥጢር ነው ብለንም ለታላቅ ሰው ከመንገር አንቆጠብ።

እናቶችና አባቶች፥ ልጃችሁ ይህ ቢደርስበት ጥፋተኛ ፍለጋ አትድከሙ። በሎንዶን በሞድስሊ ሆስፒታል ተደርጎ በ1987 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፥ ሕመሙ ብዙ ዓመት ላልቆየባቸው ለጋ ወጣቶች ቤተ ሰብ የሕክምናው ተካፋይ ሲሆን የተሻለ እንደሚረዳ አሳይቷል። ነገር ግን እጅግ የመነመነ ሰው በድንገት ብዙ ቢመገብ ልቡ ሊታወክ ስለሚችል፥ አመጋገቡ በሐኪም ትእዛዝ ይሁን። ለአእምሮ ሕክምናም በአዲስ አበባ የአማኑኤል ሆስፒታልን የመሳሰለ ስፍራ አለ፤ ወደዚያ መሄድም ነውር አይደለም።

መምህሮቻችን ሆይ፥ ጎበዝ፥ ጠንቃቃ፥ ዝምተኛ የሆነው ተማሪ ሁሉ ደኅና ነው ብላችሁ አትለፉት። ፈተናውን በሚገባ እየሠራ በውስጡ የሚነድ ይኖራልና።

ሆድን ከልብ ለይቶ ማዳን አይቻልም። ትምህርት ቤታችንም እውቀት የሚገበይበት ብቻ ሳይሆን፥ ሆድ የባሰው ልጅ ሳያፍር ሆዱን የሚያካፍልበት ቤት ይሁንልን።